የጥንት ገበሬዎች ማዕድ፦ ከአጥንት የሚነበብ ታሪክ

ከሰባት ሺህ ዓመታት በፊት የኖረ ገበሬ ምን ይበላ እንደ ነበር እንዴት ማወቅ ይቻላል? ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን የኖረ ሰው ስለ ማዕዱ የተወልን ቃል የለም። አርኪዎሎጂስቶች በቁፋሮ የሚያገኙት የከሰለ እህል፣ የእንስሳት አጥንትና የሸክላ ስባሪ በመንደሩ ምን ዓይነት ምግብ እንደ ነበር ያመለክታል፤ ማን ምን ያህል እንደ በላ ግን አይናገርም። ከዚህም በላይ የከብት አጥንት ለዘመናት ሲቆይ እህል በእሳት ካልከሰለ በቀር ፈጥኖ ስለሚበሰብስ፣ የቁፋሮ ግኝት ሥጋን አጉልቶ እህልን ሊያሳንስ ይችላል። ኬሚስቶች ለዚህ ችግር ያቀረቡት መፍትሔ መልሱን ከራሱ ከበላተኛው አጥንት መፈለግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራና ለብዙ ዓመታት ሲታመንበት የቆየ አንድ ንባብ ለምን እርማት እንዳስፈለገው እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀላልና ከባድ አቶሞች

የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች በፕሮቶን ቁጥር እኩል ሆነው በኒውትሮን ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ እነዚህም አይሶቶፖች ይባላሉ። በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን 98.9 ከመቶ ያህሉ ካርቦን-12፣ 1.1 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ካርቦን-13 ነው። ከናይትሮጅንም 99.6 ከመቶ ያህሉ ናይትሮጅን-14 ሲሆን ቀሪው ናይትሮጅን-15 ነው። ለዕድሜ ልኬት ከሚያገለግለው ከካርቦን-14 በተለየ እነዚህ አራቱ አይፈራርሱም። በመሆኑም ፕሮቲኑ በደህና ሁኔታ እስከ ቆየ ድረስ በአጥንት ውስጥ ያለው ምጣኔ ከሺህ ዓመታት በኋላም ሊለካ ይችላል።

በላቦራቶሪ ውስጥ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ጸድቶ በውኃ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይቀመጣል። ማዕድኑ ሲሟሟ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ይቀራል። ኮላጅኑ ተቃጥሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ከተለወጠ በኋላ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር ከባዱንና ቀላሉን አይሶቶፕ ለይቶ ይቆጥራል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውጤቱ የሚገለጸው በመቶኛ ሳይሆን ከአንድ የታወቀ መመዘኛ አንጻር በሺኛ ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት በዝግታ ስለሚታደስ፣ የሚገኘው ቁጥር የመጨረሻውን ቀን ምሳ ሳይሆን ከሞት በፊት የነበሩትን አሥርና ከዚያም በላይ ዓመታት አማካይ ማዕድ ያሳያል።

ካርቦን ምን ይነግረናል?

ተክሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚይዙበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተርና እንሰት መጀመሪያ የሚሠሩት ውሑድ ሦስት ካርቦን ያለው በመሆኑ ሲ-3 ይባላሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍ ግን ባለ አራት ካርቦን ውሑድ ስለሚሠሩ ሲ-4 ተብለዋል። ሲ-3 ተክሎች ካርቦን-13ን ይበልጥ ስለሚገፉ የካርቦን እሴታቸው በአማካይ ከዜሮ በታች 27 ሺኛ ገደማ ነው፤ የሲ-4 ተክሎች ከዜሮ በታች 13 ሺኛ ይጠጋል። የበላተኛው ኮላጅን ከምግቡ በ5 ሺኛ ያህል ከፍ ቢልም በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት አይጠፋም።

ጆን ቮገልና ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቫ በ1977 ባወጡት ጥናት ይህንን ልዩነት ተጠቅመው በኒው ዮርክ ግዛት ከተገኙ ጥንታዊ አጥንቶች የበቆሎን መስፋፋት አሳይተዋል። በ1981 ደግሞ ሄንሪክ ታውበር የዴንማርክን አጥንቶች መረመረ። የባሕር ምግብም የካርቦንን እሴት ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ዘመንና አገር ደግሞ የሲ-4 ሰብል አልነበረም። ስለዚህ ከግብርና በፊት የነበሩት ሰዎች ከፍተኛ እሴት የዓሣና የሌሎች የባሕር እንስሳት ምልክት ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ገበሬዎች አጥንት ግን የየብስ ምግብ ተመጋቢዎች መሆናቸውን መሰከረ። እነዚህ ሰዎች በባሕር ዳርቻ እየኖሩ ባሕሩን ከማዕዳቸው አርቀውት ነበር ማለት ነው።

ናይትሮጅንና የሥጋ ጥያቄ

ናይትሮጅን-15 ከተክል ወደ ሣር በል እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሥጋ በል በተሸጋገረ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሺኛ ይጨምራል። በብዙ የአውሮፓ የአዲስ ድንጋይ ዘመን መንደሮች የሰዎች እሴት ከከብቶቻቸው እሴት በአንድ ደረጃ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች አብዛኛውን ፕሮቲን ያገኙት ከሥጋና ከወተት ነው የሚል ድምዳሜ ተሰጠ። ነገር ግን እህል እንዲያ በትጋት ይዘራ ከነበረ፣ በማዕዱ ላይ ለምን ጥቂት ብቻ ሆነ?

ስሌቱ አንድ ያልተመረመረ ግምት ነበረው፤ ይኸውም ሰው የበላው እህልና ከብት የጋጠው ሣር በናይትሮጅን እሴት ተመሳሳይ ናቸው የሚል ነው። የከብት ፍግ በሚብላላበት ጊዜ ቀላሉ ናይትሮጅን-14 በአሞኒያ መልክ ይበልጥ ይተንና ከባዱ በአፈሩ ውስጥ ይበዛል። በእንግሊዝ አገር በሮዛምስቴድ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት ብሮድባልክ የተባለ የሙከራ ማሳ አለ፤ አንዱ ክፍል በየዓመቱ ፍግ ሲያገኝ ሌላው ምንም ማዳበሪያ አይጨመርበትም። ኤሚ ቦጋርድና ባልደረቦችዋ ከዚህና ከሌሎች የረጅም ጊዜ ሙከራዎች የተገኘ እህል መርምረው፣ ፍግ የእህሉን የናይትሮጅን እሴት በጉልህ ከፍ እንደሚያደርግ በ2007 አስታወቁ።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት የሚከተሉትን ለምሳሌ የተወሰዱ ቁጥሮች እንመልከት። ፍግ ያልነካው እህል 2፣ የከብት ሥጋ 6፣ የሰው አጥንት 10 ሺኛ ቢሆንና የአንድ ደረጃ ጭማሪ 4 ነው ብንል፣ ሰውዬው ሥጋ በል ይመስላል። እህሉ ግን ፍግ ጠግቦ 6 ሺኛ ከደረሰ፣ እህል ብቻ የበላ ሰውም 10 ሺኛ ያሳያል። አንዱ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ሕይወቶችን ሊወክል ይችላል።

በ2013 ይኸው ቡድን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5900 እስከ 2400 ባለው ጊዜ ከነበሩ 13 የአውሮፓ ሥፍራዎች የተገኙ የከሰሉ እህሎችንና ጥራጥሬዎችን መረመረ። ብዙዎቹ ፍግ በሚገባው ማሳ ላይ የበቀሉ ሰብሎችን እሴት አሳዩ። በዚህም መሠረት እህልና ጥራጥሬ በገበሬዎቹ ማዕድ ላይ ቀድሞ ከታሰበው የበለጠ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ተረጋገጠ። ጉዳዩ ከምግብም ያልፋል። የፍግ ጥቅም በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሳይሆን ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። ስለዚህ ማሳውን በፍግ የሚያለማ ሰው ነገ ጥሎት ለመሄድ የሚያስብ አይመስልም፤ ለልጆቹ ሊያወርሰው እንጂ።

ለእኛ አገር ምን ትምህርት አለው?

በአገራችን ይህንን ዘዴ ለመጠቀም የሚሻ ተመራማሪም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻዋል። ጤፍ ሲ-4 ነው፤ ነገር ግን በሞቃት አካባቢ ከብት ከሚግጠው ሣርም አብዛኛው ሲ-4 ነው። ስለሆነም ካርቦን ብቻውን እንጀራን ከሥጋና ከወተት አይለይም። እንሰት ደግሞ ሲ-3 ቢሆንም በጓሮ በፍግ ስለሚለማ ናይትሮጅኑ ከፍ ሊል ይችላል። ከአጥንቱ አስቀድሞ የአካባቢውን አፈር፣ ሣርና ሰብል መለካት ግድ ይላል።

ማስ ስፔክትሮሜትሩ ለሠላሳ ዓመታት ያህል አልተሳሳተም፤ የለካውን በትክክል ለክቷል። የተሳሳተው ቁጥሩን የተረጎመው ሰው ነበር። ስሕተቱ የታረመውም ይበልጥ በረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን፣ ማንኛውም ገበሬ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ፍግ ከስሌቱ ውስጥ በማስገባት ነው።