ሰፈሩ ሲፈርስ የሚወደደው ፎቶ

ዕቃ ሲጠፋ ይወደዳል፤ ይህ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። የሰፈር ፎቶግራፍ ግን ከሌላው ዕቃ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የሚጠፋው ፎቶው ሳይሆን የተነሳው ቤት ነው። የቆርቆሮ አጥሩ፣ ጉልቱና የሊስትሮው ወንበር በቦታቸው እስካሉ ድረስ ምስላቸውን በገንዘብ ቀርቶ በነፃ የሚፈልግ አይገኝም። ዶዘር በገባ ማግስት ግን ያው ፎቶ ይፈለጋል። ለመታሰቢያ የሚሻው የሰፈሩ ልጅ አለ፤ ለመጽሐፍ የሚፈልገው አሳታሚ አለ፤ ግድግዳውን በድሮ ምስል ማስጌጥ የሚያምረው የካፌ ባለቤትም አለ። ያነሳው ሰው ከዚህ ፍላጎት ምን ይደርሰዋል ቢባል መልሱ አያስደስትም።

ለዚህ ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ የተሻለ ማሳያ የለም። አየር ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው በአመዛኙ ሜዳ ነበር። ለብዙ ዓመታት በዝግታ ያደገው ይኸው የከተማ ክፍል ከ1990ዎቹ ወዲህ ሩጫ ያዘ። የኮንዶሚኒየም ቤት በሙከራ ከተሠራባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ቦሌ ገርጂ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመርም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ቦሌን ከመገናኛ የሚያገናኘው ነበር። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወይም ሰሚት አንድ ጥግ ላይ ቆሞ በየአምስት ዓመቱ አንድ ፎቶ ያነሳ ሰው ቢኖር፣ ፎቶዎቹ የአንድ ቦታ ናቸው ብሎ ለማሳመን በተቸገረ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ያልበዛው ከወጪ የተነሳ ነው። በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ያነሳል። ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል፤ ለሁሉም ይከፈላል። ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚያድር ሰው 36ቱን ለሰርግ፣ ለልደትና ለጉርድ ፎቶ ያውላቸዋል እንጂ ገዥ በሌለው የአጥር ምስል ላይ አያባክናቸውም። ስለዚህም የድሮው ቦሌ ተርፎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ ነው፦ ከሙሽራዋ ቬሎ ጀርባ ያለው ሜዳ፣ ከልደት ኬኩ በላይ ብቅ ያለው የጎረቤት ጣሪያ። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ የየቤተሰቡን አልበም እያስከፈተ የቆዩ ፎቶዎችን ሰብስቦ በመጽሐፍ ማውጣቱም ያለምክንያት አይደለም።

ዲጂታል ካሜራና የእጅ ስልክ ሲመጡ አንድ ተጨማሪ ፎቶ የማንሳት ወጪ ወደ ዜሮ ወረደ። ያልወረደው የጊዜ ዋጋ ነው። አንድን ሰፈር ለዓመታት እየተመላለሱ ማንሳት፣ ከነዋሪው ጋር መላመድ፣ «ለምን ታነሳለህ? ደብዳቤ አለህ?» ለሚል ጥበቃ ሁሉ መልስ መስጠት የሥራ ቀን ይበላል፤ የዚያን ቀን ሒሳብ የሚከፍል ደግሞ የለም። ሥዕል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ቀለሙ ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬ፣ እየተለወጡ ያሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ላነሳበት ሥራ የሰጠው የእንግሊዝኛ ርዕስ ሲተረጎም «የወደፊት ትዝታዎች» ማለት ነው። ርዕሱ ገበያውንም በሁለት ቃል ይገልጸዋል። ዋጋው ያለው ወደፊት ነው፤ ወጪው ግን የዛሬ።

ገበያ ያገኘ የለም ማለት አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን ሥራ ከውጭ ተመልካች ጋር አገናኝቷል። ግርማ በርታ ደግሞ በእጅ ስልኩ የመንገድ ሰዎችን አንስቶ፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ ቆርጦ በማውጣት በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያስቀመጠበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10 ሺህ ዶላር ድጋፍ አስገኝቶለታል። ሥራው ያማረ ነው፤ ይሁንና ድጋፉን ያገኘው ፎቶ ሰፈሩ ተቆርጦ የወጣለት መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም።

ሕጉም ከገበያው የሚሻል አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ የሰጠው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ስለ አንድ ሰፈር ልቦለድ የጻፈ ሰው የልጅ ልጆቹ ይጠቀሙ ይሆናል፤ ሰፈሩን በፎቶ ያስቀረው ሰው ግን ራሱ በሕይወት እያለ መብቱ ያልቃል። 25 ዓመት ደግሞ ሰፈር አርጅቶ፣ ፈርሶ፣ መናፈቅ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። በእርግጥ የበርን ስምምነት ለፎቶግራፍ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለልም 25 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት ግን ይህን ልዩነት በአባሎቹ ዘንድ አስቀርቷል።

ታዝዞ የሚያነሳው ሰው ዕጣ ከዚህም ይብሳል። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ካልሰፈረ በቀር መብቱ ከመጀመሪያው ያዘዘው ወገን ነው። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ቦታውን እንዲያነሳ በሪል ስቴት የተቀጠረ ባለሙያ ያንን ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ያየዋል፤ ፋይሉን አስረክቦ፣ የቀን ሒሳቡን ተቀብሎ ይወጣል።

ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውም መብት አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ በአደባባይ ለተፈጸመ ጉዳይና ለባህል ጥቅም በር ይከፍታል። የጉልት ነጋዴዋን ፊት አጉልቶ አትሞ ለካፌ ግድግዳ መሸጥ ግን ባህል ይሁን ንግድ ያከራክራል። ፈቃድ የሚጠየቀውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በቃል ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ለገዥ የሚታይ ወረቀት ግን አይሆንም።

አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ቆሞ አዲሶቹን ፎቆችና አጠገባቸው የነበሩትን የጭቃ ቤቶች በአንድ ፎቶ ያስገባ ሰው ካለ፣ ያንን ፎቶ ማንም እንዳሻው አትሞ መሸጥ የሚችለው በ2021 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ነጋቲቩን ከአቧራ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ የመጠበቁ ወጪ የባለቤቱ ነው።