የጥጥ ትል የሚሸነፈው ጥጥ በሌለበት ወራት ነው

ጥጥ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለሸማኔው ሥራ፣ ለአገሩም ልብስ ነው። ስለዚህ ይህን ተክል የሚያጠፋውን ተባይ ለይቶ ማወቅና በጊዜው መከላከል የጥጥ አምራች ሁሉ ተግባር ነው። ከተባዮቹም መካከል በመድኃኒት ርጭት ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ፣ ፍሬውን ከውስጥ የሚበላው ሮዝ መልክ ያለው ትል ነው። በእንግሊዝኛ ፒንክ ቦልዎርም ይባላል።

ይህ ትል በ1843 እ.ኤ.አ. ከሕንድ አገር በተገኘ ናሙና ለሊቃውንት ታወቀ። ከዚያ በኋላ በጥጥ ዘር ውስጥ ተደብቆ ወደ ግብፅ ገባ፤ ከግብፅም በዘር ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ በ1917 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ደረሰ። ከዚህም ዘሩ ራሱ የትሉ መጓጓዣ መሆኑ ይታያል።

የትሉ እናት ትንሽ ግራጫ የሌሊት ቢራቢሮ ናት። እንቁላልዋን በአበባውና በለጋው ፍሬ ላይ ትጥላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ የሚፈለፈለው ትል ወዲያው ፍሬውን በስቶ ይገባል፤ የገባበትም ቀዳዳ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም። በሙቀት ወራት አንድ ትውልድ በአንድ ወር ግድም ስለሚፈጸም፣ በአበባው ጊዜ ጥቂት የነበረው ትል በለቀማው ጊዜ እጅግ በዝቶ ይገኛል። ቅጠሎቹ በድር ተጣብቀው ያልተከፈተ አበባ የታየ እንደ ሆነ ትሉ መግባቱን ያመለክታል።

በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል። ፍሬው መድረቅ ሲጀምር ከትሎቹ ከፊሉ በዘሩ ውስጥ ሆነው ለብዙ ወራት ያንቀላፋሉ። አዲሱ ጥጥ ሲያብብም ተነሥተው ይወጣሉ። እንግዲህ የገበሬው ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ሥራ ግልጽ ነው። ለቀማው እንዳለቀ የጥጡን እንጨት ከነሥሩ መንቀል፣ የቀሩትንና የወደቁትን ፍሬዎች ለቅሞ ማቃጠል፣ መሬቱንም ጠለቅ አድርጎ ማረስ ያስፈልጋል። መድኃኒት በቅርብ ያልተረጨበት ማሳ ከሆነ ከብትና ፍየል ገብተው ቢግጡት ይረዳል። ባሚያም የትሉ መጠለያ ስለሆነ በዕረፍቱ ወራት ከጥጥ ማሳ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል።

እዚህ ላይ ችግር አለ። ለድኻው ገበሬ የመጨረሻዋ ጥቂት ለቀማ ገንዘብ ናት፤ እንጨቱም ማገዶው ነው። ነገር ግን ለዚያች ጥቂት ጥጥ ሲባል ቆሞ የሚቆየው ተክል የሚመጣውን ዓመት ሰብል ያስበላል፤ ቢራቢሮዋም ወሰን ስለማታውቅ የአንዱ ቸልታ ለጎረቤቱ ይተርፋል። ማገዶውን በሚመለከት መፍትሔ አለ፤ ፍሬው ሁሉ ተለቅሞ ከተቃጠለ በኋላ ንጹሑን እንጨት ማስቀመጥ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

በርጭት ብቻ መታመን ምን እንደሚያስከትል የሱዳን ገዚራ አሳይቷል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ርጭቱ እየበዛ ሲሄድ ጠቃሚዎቹ ነፍሳት አለቁ፤ ነጭ ዝንብም ዋና ጠላት ሆነ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ትልን የሚቋቋም የጥጥ ዘርም ቢሆን የማሳ ጽዳትን አይተካም፤ በሕንድ አገር ይኸው ትል እንዲህ ያለውን ዘር መቋቋም መቻሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በአንጻሩ አሜሪካ ትሉ ከጥጥ እርሻዋ መጥፋቱን በ2018 እ.ኤ.አ. ያስታወቀችው፣ አዲሱን ዘር ከእንጨት ማጥፋትና መካን ቢራቢሮ ከመልቀቅ ጋር አጣምራ፣ ገበሬዎቿም በኅብረት ሠርተው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በአንድ ቀበሌ ያሉ ጥጥ አምራቾች የመንቀያውን ቀን አስቀድመው ተስማምተው ቢወስኑና ሁሉም በዚያው ሳምንት ማሳቸውን ቢያጸዱ፣ ትሉ በአዲሱ ዓመት የሚነሣበት ስፍራ ያጣል።