የመጀመሪያው ሳምንት ይዋሻል፦ ቡድን ካምፕ ሲገባ ምን ይሠራል?

ነሐሴ ላይ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ሜዳ ዳር ጃንጥላ ይዞ የሚቆም ደጋፊ አይጠፋም። ልምምዱን አንድ ሰዓት ያህል አይቶ ፍርዱን ይሰጣል፤ «አጥቂው ወፍሯል»፣ «አዲሱ ተከላካይ ትንፋሽ የለውም»፣ «ዘንድሮ ወራጅ ነን»። ዓይኑ አልተሳሳተም። አጥቂው በእርግጥም ከብዷል፣ ተከላካዩም ያለከልካል። ስህተቱ የሚመጣው ያየውን ሲተረጉመው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከቡድኑ አቅም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የዕረፍቱ፣ የከፍታውና የጭቃው ሥራ ነው።

እነዚህ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም በእግር ኳሱ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሰበታ ከተማ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ ተጫውቶ ወርዷል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውበቱ አባተና አብርሃም መብራቱን የመሳሰሉ በተለያየ ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጠኑ ባለሙያዎች ይዘውታል። ቡራዩ ከተማና ሱሉልታ ከተማም በከፍተኛ ሊግ የታወቁ ናቸው። የከተማ ክለብ ገንዘቡ ከአስተዳደሩ በጀት ስለሚመጣ፣ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ውል መፈራረሙ ሲጓተት የሚቆረጠው ከዝግጅቱ ጊዜ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት መሆን የነበረበት ሦስት ይሆናል። ይህ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት ዕረፍት ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይበቃል።

ዕረፍት ምን ይወስዳል?

ሊጉ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ያልቃል። ልምምድ ያቆመ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያጣው ጡንቻውን አይደለም፤ ደሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ፈሳሹ ሲቀንስ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል፣ ስለዚህ ለዚያው ሩጫ ደጋግማ ትመታለች። ወር ሲሞላ ደግሞ ጡንቻው ኦክስጅን የሚጠቀምበት አቅም ራሱ ይወርዳል። የኳስ ንክኪና ጨዋታ ማንበብ ግን በሁለት ወር አይጠፉም። የወፈረው አጥቂ ኳሱን አሁንም አሳምሮ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ዕረፍት የሚወስደው ነገር ትልቁ ማሳያ የኮሮና ዘመን ነበር። የ2012 ውድድር መጋቢት ላይ ተቋርጦ በዚያው ቀረ፤ አዲሱ የጀመረው ታኅሣሥ 2013 ነው። ሰበታ ከተማን ጨምሮ ሁሉም ክለቦች የሊግ ጨዋታ ሳያደርጉ ወደ ዘጠኝ ወር የቆዩ ተጫዋቾችን ነበር የተረከቡት።

ትንፋሽ ከጠፋበት ቶሎ ይመለሳል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ለውጡ ይታያል። የሚዘገየው ጅማት ነው። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር የተረከዝና የጉልበት ጅማት ወራት ይፈልጋል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ በአንዴ ኃይለኛ እሳት ቢለቁበት እንደሚሰነጠቅ፣ ጅማትም ቀስ እያለ ካልለመደ አይችልም። አሰልጣኙ በሁለተኛው ሳምንት «ገና ነው፣ ቀስ» ሲል ስንፍና የሚመስለው ደጋፊ ይኖራል፤ ወጌሻው ግን ምክንያቱን ያውቃል።

ሾጣጣዎቹና ድምፁ

ካምፕ የገባ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱን ይለካል፣ የልብ ምርመራ ያደርጋል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ይፈተናል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ፈተና ዮ-ዮ ይባላል፤ ያዘጋጀው የዴንማርኩ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ የንስ ባንግስቦ ነው።

ዕቃው ትንሽ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ሁለት ረድፍ ሾጣጣ ይቀመጣል፣ ከመነሻው ኋላ 5 ሜትር ላይ ሌላ አንድ ረድፍ ይጨመራል፣ አንድ የድምፅ ማጉያ ይከፈታል። «ቲት» ሲል ተጫዋቹ ይሮጣል፣ በሁለተኛው «ቲት» ማዶ ደርሶ ይዞራል፣ በሦስተኛው መነሻው ላይ መገኘት አለበት። ከዚያ 10 ሰከንድ አለው፤ ወደ ኋላው ሾጣጣ ዱብ ዱብ ብሎ ይመለሳል። መነሻው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ተጫዋቾቹ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ድምፁ እየተቀራረበ ሲመጣ ወሬው ይቆማል፣ ዝናብ የጠጣው ሣር ታኬታውን ይይዛል፣ መዞሪያው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ሁለቴ የዘገየ ይወጣል። ረዳት አሰልጣኙ የደረሰበትን ሜትር ይጽፋል።

ፈተናው የተመረጠው እግር ኳስን ስለሚመስል ነው፤ ሩጫ፣ መዞር፣ አጭር ዕረፍት፣ እንደገና ሩጫ። ዋጋ ያለውም ከጎን ካለው ተጫዋች ጋር ሲነጻጸር ብቻ አይደለም፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ያው ሰው እንደገና ሲፈተን የሚያሳየው ልዩነት ይበልጣል።

አየሩ

በሱሉልታም በባሕር ዳርቻም አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ሱሉልታ ላይ፣ በ2,700 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 72 በመቶ አካባቢ ነው። ሰበታ በ2,350 ሜትር ገደማ 75 በመቶ ይደርሳል። ግፊቱ ሲያንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል።

ኩላሊት ይህን ቶሎ ያውቃል። በሰዓታት ውስጥ ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን አብዝቶ ይለቃል፤ እሱም መቅኔን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዝዘዋል። ትእዛዙ ቶሎ ይድረስ እንጂ ምርቱ የሚታየው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በመካከሉ እንግዳው ተጫዋች ልቡ ይመታል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ሁለት ጊዜ ከሮጠ በኋላ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል።

አሁን ከጋና የባሕር ዳርቻ ወይም ከጋምቤላ ቆላ የመጣ አዲስ ፈራሚ አስቡ። እዚያው ደጋ ካደገ ልጅ ጋር አንድ ላይ ሮጦ ኋላ ሲቀር «ምን ገዛን?» ይባላል። ያየነው የሰውዬውን ደረጃ ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬቱን ቀን ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ቢታይ ግን ሰበብ አይኖረውም።

ይህን የከፍታ ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት ሯጮች ናቸው። ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራበት፣ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ሳይቀር የተለማመደበት ከተማ ነው። የአገራችን አሰልጣኞች ግን ሯጮቻቸውን ሁልጊዜ እላይ አያቆዩም፤ ፈጣን ሩጫ ሲፈልጉ ወደ ሰበታና ወደ አቃቂ ያወርዷቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስስ አየር ላይ እግር በሙሉ ፍጥነቱ ብዙ አይደጋግምም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናትም በ2,500 ሜትር እያደሩ በ1,250 ሜትር የተለማመዱ ሯጮች በ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አሳይቷል። ለእግር ኳስ ትምህርቱ ይበልጥ ይሠራል፤ ጨዋታ የሚወስኑት አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ናቸውና።

ጭቃውና ማዕዱ

ሱሉልታ የድርቆሽና የወተት አገር ናት፤ መረሬ አፈሯ ውኃ ይዞ አይለቅም። ሣር የሚያበቅለው ይኸው አፈር ክረምት ላይ ሜዳውን ያከብደዋል። እግር ሲሰምጥ ለዚያው ርቀት የሚወጣው ጉልበት ይጨምራል፣ ብሽሽትና ቁርጭምጭሚት ይፈተናሉ። አስተዋይ አሰልጣኝ ዝናብ በዘነበ ማግስት የፍጥነት ሩጫውን ይሰርዝና በእርጋታ የሚሠራ የኳስ ቅብብል ወይም የጂም ሥራ ይተካበታል።

ዝግጅቱ ከፍልሰታ ጾም ጋርም ይገጥማል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ተጫዋች የጠዋቱን ልምምድ በባዶ ሆዱ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የካምፑ ወጥ ቤት ከአሰልጣኙ እኩል ሥራ አለበት። ደጋ ላይ ቀይ የደም ሕዋስ ለማምረት ብረት ያስፈልጋል። ምስር፣ ሽሮና ሽምብራ ብረትም ፕሮቲንም አላቸው፤ ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ከጎኑ የሎሚ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ሲኖር መጠኑ ይጨምራል። ማዕዱ እንደተነሣ የሚቀርበው ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሰዋል። ቡናውን አንድ ሰዓት ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም።

ሳምንታቱ እንዴት ይደረደራሉ?

በደህና ዝግጅት የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት መሠረት የሚጣልበት ነው፤ ረዘም ያለ ሩጫ፣ የጡንቻ ሥራ፣ ብዙ ማፍታታት። ፊፋ ያዘጋጀው 20 ደቂቃ ያህል የሚወስደው «11+» የሚባል የማሟሟቂያ ልምምድ አዘውትረው በሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳትን በሢሦና ከዚያም በላይ እንደቀነሰ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የሚጠይቀው ሜዳና ትዕግሥት ነው።

ከዚያ ኳሱ ዋናውን ቦታ ይይዛል። በጠባብ ሜዳ 4 ለ 4 ሲጫወቱ ለተመልካች መዝናናት ይመስላል፤ የልብ ምታቸው ግን ከከፍተኛው 85 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዳገት የመውጣቱን ያህል ትንፋሽ ይሠራል፣ በዚያ ላይ ውሳኔና ቅብብል ያስተምራል። ዳገት ብቻ የሚያስወጣ አሰልጣኝ ጥሩ ሯጭ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ሩጫው ኳስ ሲነጠቅ ወዴት መሆን እንዳለበት ግን ዳገቱ አያስተምርም።

የወዳጅነት ጨዋታው የሚመጣው በዚህ ድካም መሐል ነው። ቡድኑ ረቡዕ ጠዋት ክብደት አንሥቶ ረቡዕ ከሰዓት ሊጫወት ይችላል፤ በየ45 ደቂቃውም አሥራ አንዱ ይቀየራል። 3 ለ 0 መሸነፉ ዜና ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

መውረድም ልምምድ ነው

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪምየር ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ። እነዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ይልቅ ዝቅ ያሉ ናቸው። ሐዋሳ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 81 በመቶ፣ ድሬዳዋ ላይ 87 በመቶ አካባቢ ነው። ከደጋ የወረደ ቡድን ትንፋሽ ይተርፈዋል፤ የሚያስቸግሩት ሙቀቱና ኳሱ ናቸው። ሙቀትን ለመልመድ ሰውነት ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይጀምራል። ኳሱም ወፍራም አየር ውስጥ ቶሎ ይዘገያል። ሱሉልታ ላይ የለመዱት ረጅም ኳስ ክንፉ ጋር ሳይደርስ ሲያጥር ተጫዋቹ እግሩን ይጠረጥራል።

ስለዚህ ሊጉ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ቡድኑን ወደ ቆላ ማውረድ ከበጀት ላይ ሊሰረዝ የሚችል ሽርሽር አይደለም። የዝግጅቱ የመጨረሻ ክፍል ነው። ደጋው ትንፋሹን በነጻ ይሰጣል፤ ፍጥነቱንና ሙቀቱን ግን ክለቡ ከፍሎ ይገዛቸዋል።

ሜዳ ዳር ለሚቆመው ደጋፊ የሚቀሩት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። ተጎድቶ ወጌሻው ጋር የሚቀመጠው ተጫዋች በየሳምንቱ እየበዛ ነው ወይስ እየቀነሰ? ኳስ ሲነጠቅ ስንቱ ነው ወዲያው የሚዞረው? በሦስተኛው የወዳጅነት ጨዋታ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል? በነዚህ ላይ መልሱ መጥፎ ከሆነ መጨነቅ ይቻላል። ስለ አጥቂው ውፍረት ግን መስከረም ላይ እናውራ።