ገንዘብ ሲወጣ ሂሳብ ለምን ይቆለፋል?

በደምበጫ የተከፈተ የባንክ ሂሳብ 10 ሺህ ብር ቢኖረው፣ ከዚሁ ላይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በአንድ ቅጽበት 8 ሺህ፣ 8 ሺህ ብር ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱም ጥያቄዎች 10 ሺህ ብሩን አንብበው ካለፉ ባንኩ 6 ሺህ ብር ይጎድልበታል። በመሆኑም የመረጃ ቋቱ ቀድሞ የደረሰውን ጥያቄ ተቀብሎ ሂሳቡን ይቆልፋል፤ ተከታዩ የሚያገኘው 2 ሺህ ብር ብቻ በመሆኑ ውድቅ ይደረጋል።

መዝገቦቹ በተለያዩ ከተሞች ባሉ ኮምፒውተሮች ሲያዙ ግን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። አስተባባሪው ሥርዓት የሁሉንም ዝግጁነት አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ አንዱ እንኳ ካልተስማማ ዝውውሩ በሁሉም ዘንድ ይሰረዛል። የዘዴው ድክመት የሚታየው መስመር ሲቋረጥ ሲሆን፣ ዝግጁነቱን ያሳወቀው ወገን ውሳኔው እስኪደርሰው ሂሳቡን እንደቆለፈ ይቆያል።

የቀሪ ሂሳብ ቁጥጥር ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታይቷል። በሥርዓት ችግር ሳቢያ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ያወጡ ሲሆን፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ገንዘቡን ያልመለሱትን ስም ይፋ እስከማድረግ ደርሷል።