ሙቀት የሩዝን ፍሬ እንዴት ይጎዳል?

የሩዝ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው። ዛላውም ብዙ ነው። ታጭዶ ሲወቃ ግን ብዙው ባዶ ገለፈት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ገበሬው «ዘሩ ከዳኝ» ይላል። ዘሩ ግን ምንም ላያጠፋ ይችላል። የጎዳው ሙቀት ሊሆን ይችላል። እንዴት? በየተራው እንመልከት።

ሩዝ ሙቀት ይወዳል፤ ሲበዛበት ግን ይጎዳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ሲያብብ ነው። አበባው ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ይከፈታል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይዘጋል። በዚያች አጭር ጊዜ የወንዴው ብናኝ በሴቴዋ ላይ ማረፍ አለበት። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ብናኙ በደንብ አይረግፍም፤ ቢረግፍም ደካማ ነው። ያልፀነሰ አበባ ደግሞ ኋላ ውኃም ሆነ ማዳበሪያ ቢያገኝ ፍሬ አይሆንም።

የሌሊቱ ሙቀትስ? ተክሉ ቀን ያዘጋጀውን ምግብ ሌሊት ሲተነፍስ ከፊሉን ይጨርሰዋል። ሌሊቱ ሲሞቅ የሚያልቀው ይበዛል፤ ለፍሬው የሚተርፈው ያንሳል። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። በደረቁ ወቅት የሌሊቱ ሙቀት 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ምርቱ ከመቶ 10 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል።

ጥራቱም ይበላሻል። ፍሬው በሙቀት ተቻኩሎ ሲሞላ ውስጡ ይሳሳል። ጥርት ማለቱ ቀርቶ ኖራ ይመስላል፤ ሲፈተግም ይሰባበራል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ በጃፓን ኒጋታ ኃይለኛ ሙቀት ነበረ። ኮሺሂካሪ ከተባለው ስመ ጥር ሩዝ አንደኛ ደረጃ ያገኘው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። በደህና ዓመት ከመቶ 70 ያልፋል። ደረጃው ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል።

በአገራችን የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ግን ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፀሐይን ማብረድ አንችልም። ጊዜ መምረጥ ግን እንችላለን። አበባው ከኃይለኛው ሙቀት ጋር እንዳይገጥም የዘር ቀናችንን እናስተካክል። ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ ማሳው ውኃ አይጉደልበት። ሙቀት የሚችል ዘር ካለ የግብርና ሠራተኛውን እንጠይቅ። የደረሰውን ሩዝ በጊዜው እንጨድ፤ ቆይቶ የደረቀ ፍሬ ይሰነጠቃልና።

ሩዝ ያበበበትን ቀንና የዚያን ሰሞን ሙቀት በደብተራችን እንጻፍ። ምርቱ ቢቀንስ ምክንያቱን ለማወቅ ይረዳናል።