ጀልባን ማስቆም ሕይወትን ያድናል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚያሽከረክር ሁሉ፣ በዋሽንግተንና አካባቢዋ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ፖሊስ እሱን ለማስቆም ምክንያት እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ከፍጥነት ወሰን ማለፍ፣ የጠፋ የኋላ መብራት፣ ጊዜው ያለፈ ሰሌዳ፣ ብቻ አንድ የሚታይ ነገር መኖር አለበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ከዴላዌር ግዛት በቀረበለት መዝገብ፣ መንጃ ፈቃድ ለማየት ብቻ ተብሎ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አንድን መኪና ነጥሎ ማስቆም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወስኗል። ይኸው ሰው በእረፍት ቀኑ ጀልባውን በመኪናው ጎትቶ ወስዶ ውኃ ላይ ሲያወርድ ግን የዚህ ከለላ አብዛኛው ክፍል ይቀርበታል። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይሉ ኮስት ጋርድ በፌዴራል ሕጉ ርዕስ 14 አንቀጽ 522 በተሰጠው ሥልጣን፣ ምንም ጥፋት ባያይበትም ጀልባውን አስቁሞ ሊሳፈርና ሊፈትሽ ይችላል። በመዝናኛ ጀልባ ባለቤቶችና በፈታሾቹ መካከል ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የደኅንነት ፍተሻ ያስፈልጋል፤ መደረግ ያለበት ግን ጀልባው ወደ ውኃ በሚወርድበት ዳር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥልጣኑ ሥር የሰደደ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1790 ባወጣው ሕግ የገቢ መኮንኖች ወደ አገሪቱ በሚመጡ መርከቦች ላይ ወጥተው እንዲፈትሹ ፈቅዶ ነበር። ያው ኮንግረስ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ያለ በቂ ምክንያት መበርበርን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን አራተኛ ማሻሻያ ያረቀቀ በመሆኑ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በአንድ መዝገብ ላይ ይህን ታሪክ እንደ ዋና ማስረጃ ተጠቀመበት። ጉዳዩ የተነሳው ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሌክ ቻርልስ አጠገብ በሚገኝ የመርከብ መተላለፊያ ላይ በቆመ ባለ 40 ጫማ ሸራ ጀልባ ነው። የጉምሩክ መኮንኖች ሰነድ ለማየት ብለው ወጡ፤ የማሪዋና ሽታ ሸተታቸው፤ ወደ 5,800 ፓውንድ የሚመዝን ዕፅም አገኙ። በዳኛ ሬንኲስት የተጻፈው የአብላጫው ውሳኔ፣ ወደ ባሕር የሚወስድ ውኃ እንደ አውራ ጎዳና ኬላ ሊቆምበት የማይቻል በመሆኑ ያለ ጥርጣሬ መሳፈር ተገቢ ነው አለ። ዳኛ ብሬናን በተቃውሟቸው ባለሥልጣን ያሻውን ሰው ያለ ገደብ እንዲያስቆም በር መከፈቱን አጥብቀው ነቀፉ። የኮስት ጋርድ መነሻ የሆነውን የገቢ መርከቦች አገልግሎት ያቋቋመው አሌክሳንደር ሃሚልተን ራሱ በ1791 ለመኮንኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚፈትሿቸው የአገራቸው ልጆች ነፃ ሰዎች መሆናቸውን እንዳይዘነጉ፣ ከትዕቢትና ከማንጓጠጥም እንዲርቁ አሳስቧቸው ነበር። የሥልጣኑ አባት ሥልጣኑ ምን ያህል እንደሚያስከፋ ከመነሻው ተረድቶት ነበር ማለት ነው።

ፍተሻው በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። የታጠቁ መኮንኖች ጀልባቸውን አስጠግተው ይሻገራሉ፤ መሣሪያ ይዛችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወደ ዕቃው ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለ? አንዴ አገልግለው የሚጣሉት የእሳት ማጥፊያዎች ከተመረቱ ከ12 ዓመት በላይ አልሆናቸውም? የድረሱልኝ ርችቶቹ ላይ የታተመው ቀን አላለፈም? ጥሩምባው ይሠራል? መጸዳጃ ቤት ያለው ጀልባ ከሆነ ደግሞ መኮንኑ ጎንበስ ብሎ፣ ፍሳሹን በቀጥታ ወደ ባሕር የሚለቀው ቧንቧ መዘጋቱን፣ መዝጊያውም በቁልፍ ወይም በማይፈታ የፕላስቲክ ማሰሪያ መታሰሩን ያያል። አንዲት ማሰሪያ ባለመኖሯ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ብዙዎቹ መኮንኖች ጨዋ ናቸው፤ ፍተሻውም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ይሁን እንጂ ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በታጠቁ ሰዎች ፊት ዕቃውን እያወጣ ሲዘረዝር የሚሰማውን ስሜት በጨዋነት ብቻ ማካካስ አይቻልም። በቅርቡ ተፈትሾ ያለፈበትን ወረቀት ማሳየቱ ሊረዳው ይችላል፤ ዳግም ከመፈተሽ የሚያድን መብት ግን አይሰጠውም።

ይህ ሁሉ ሕይወት የሚያድን ቢሆን ኖሮ ቅሬታውን መዋጥ ይገባ ነበር። ኮስት ጋርድ ራሱ የሚያወጣው አኃዝ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰመጡ ናቸው፤ ከሰመጡት ውስጥ ደግሞ 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ሕግ አዋቂ ሰው ጃኬቱን እንዲለብስ አያስገድድም፤ ጀልባው ውስጥ፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ መኖሩ ይበቃል። ስለዚህ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከመሞታቸው አንድ ሰዓት በፊት ቢፈተሹ ኖሮ ያለ እንከን ሊያልፉ ይችሉ ነበር። መንስኤያቸው ከታወቀ የሞት አደጋዎች ግንባር ቀደሙ መንስኤ አልኮል ነው፤ የጠጣ ካፒቴን ደግሞ ከአነዳዱ ስለሚታወቅ እሱን ለማስቆም የዘፈቀደ ሥልጣን አያስፈልግም። የአሽከርካሪው ሥልጠና ከታወቀባቸው ሞቶች ውስጥም ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የደረሱት ምንም የደኅንነት ትምህርት ያልወሰደ ሰው በያዘው ጀልባ ላይ ነው። ርችት ቆጠራ ይህን ጉድለት አያሳይም።

በ1973 የሟቾቹ ቁጥር 1,754 ነበር። የጀልባው ብዛት እየጨመረ ሞቱ ወደ ሲሶው መውረዱ ትልቅ ድል ነው፤ የፍተሻ ደጋፊዎችም ይጠቅሱታል። እኔ ግን ከድሉ ጉልህ ድርሻ ያለው የ1971ዱ የጀልባ ደኅንነት ሕግ በአምራቾች ላይ የጣለው ግዴታ ይመስለኛል። ትንንሽ ጀልባዎች ውኃ ቢገባባቸው እንኳ እንዳይሰምጡ ተንሳፋፊ ነገር እንዲገጠምላቸው፣ የሚችሉት የሰውና የክብደት መጠን በግልጽ እንዲለጠፍባቸው ሆነ። ይህ የተደረገው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማንም አልተዋረደም፣ የማንም ጉዞ አልተቋረጠም።

ጠንካራው ተቃውሞ፣ የጀልባ ጉድለት ከውጭ አይታይም የሚለው ነው። የመኪና የተሰበረ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ ጊዜው ያለፈበት የእሳት ማጥፊያ ግን ካልተሳፈሩ አይታወቅም። እውነት ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ በ1979 የከለከለው ነጥሎ ማስቆምን ነው፤ የሚያልፈውን ሁሉ በእኩል የሚያስቆም ኬላ ግን የተለየ ነገር መሆኑን በዚያው ውሳኔ ላይ ጠቁሟል። በ1983 ኬላው አይቻልም የተባለው ወደ ባሕር በሚወስድ ውኃ ነው። በተጎታች ተጭኖ የሚመጣ ጀልባ ግን ወደ ውኃው የሚገባው በጀልባ ማውረጃው በኩል ነው፤ ማውረጃው በተፈጥሮው ኬላ ነው። እዚያ ሁሉም በተራው ይታያል፤ ጉድለት የተገኘበትም ሳይወጣ ያሟላል። መሀል ውኃ ላይ የተገኘ ጉድለት እኮ የሚታወቀው ሰውየው ለአደጋው ከተጋለጠ በኋላ ነው። ኮንትሮባንድስ? ለሚለው፣ ከውጭ በሚገባ መርከብና ድንበር ላይ ባለ ውኃ የጉምሩክ ሥልጣን ቢጸና አልቃወምም። ዕፅ ለመፈለግ የላይፍ ጃኬት ቆጠራን ሰበብ ማድረግ ግን የደኅንነት ሥራውን ራሱን ያረክሰዋል፤ ሰው ምክር ሊሰጠው የመጣውን መኮንን እንዲሸሽ ያደርጋል።

ግዛቶች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ኦሃዮ በ2013 ያለ ጥርጣሬ ለደኅንነት ፍተሻ ብቻ ማስቆምን ከለከለች። ፍሎሪዳም በ2025 የራሷ መኮንኖች ሕጋዊ ምክንያት ሳይኖራቸው ለዕቃ ፍተሻ ብቻ ጀልባ እንዳያስቆሙ ደንግጋ፣ መሟላቱን ላሳየ ጀልባ የሚለጠፍ ምልክት አዘጋጀች። ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ግማሽ መንገድ ግን ነው። ማስቆሙ ቀርቶ ማውረጃው ላይ የሚፈትሽ ሰው ካልተመደበ፣ ሕጉ ነፃነትን ሰጥቶ ደኅንነትን ረሳ የሚሉት ተቺዎች እውነት ይኖራቸዋል። የግዛት ሕግ ኮስት ጋርድን አያስርም፤ ስለዚህ አንቀጽ 522ን በአገር ውስጥ ውኃ ላይ ለሚገኙ የመዝናኛ ጀልባዎች መገደብ የኮንግረስ ሥራ ነው። ለዚህ የሚሆን መሠረት ደግሞ አለ። ከ1939 ጀምሮ የነበረው የኮስት ጋርድ በጎ ፈቃደኞች ክንፍ ጀልባን በነፃ ይፈትሻል፣ ጉድለት ቢያገኝ ለማንም አያሳብቅም፣ ላለፈው ምልክት ይለጥፋል። ምልክቱ ዛሬ ከመቆም አያድንም። በዓመቱ ውስጥ ለደኅንነት ፍተሻ ብቻ እንዳይቆም የሚያደርግ ሕጋዊ ኃይል ቢሰጠው፣ ዛሬ ፈታሽ የሚሸሸው የጀልባ ባለቤት ነገ በራሱ እግር ወደ ፈታሹ ይሄዳል፤ መሀል ውኃ የሚባክነው የመኮንኖች ሰዓትም ሰክሮ የሚነዳውን ለመያዝና የሚሰምጠውን ለማውጣት ይውላል።