የአሸዋ ክምርና የቦረና ሸንተረር

ለእረፍት ናሚቢያ የሄደ ፎቶ አንሺ፣ 170 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን «ዱን 45» የተባለ የአሸዋ ክምር ለማንሳት ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። አሸዋው ከግርጌ እስከ ጫፉ አንድ ቀለም ስለሆነ ቅርጹን የሚያሳየው ጥላ ብቻ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው አንዱ ገጽ ይበራል፣ ሌላው ይጨልማል፤ መሐል ላይ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት ጎልቶ ይወጣል።

በቦረናዋ ከተማ በመካነ ሰላም የአሸዋ ክምር የለም። ይሁንና ከበዓል በኋላ ለማሳጠብ የሚመጡትን የቦረና ገደሎችና ሸንተረሮች ምስል የሚያይ ባለሙያ ያንኑ ችግር ያገኛል። ዓይን ያየው ጥልቀት ፎቶው ላይ የለም። በበጋ ማሳው ታጭዶ፣ ሣሩ ደርቆ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሲሆን፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት በቀትር ብርሃን ሜዳ መስሎ ይቀራል።

ሰዓቱ ነው ምክንያቱ።

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በአንድ ሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ትላለች። መልካሙ የማለዳ ብርሃን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሚያዝያ 10 ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ ከእግር ሥር አይወጣም። ፋሲካ የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው እንግዳ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ እንቅልፉን ጠግቦ ስልኩን ሲያወጣ ማለዳው አልፏል።

ጥምቀት ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ ቆጥሮ ይለካል። ነጭ አሸዋ አመድ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ጥር 11 ቀን ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ ነጠላም እንዲሁ። በካሜራ ብርሃኑን አንድ ደረጃ መጨመር፣ በስልክ ደግሞ ነጠላው ላይ ነክቶ ጣትን ወደ ላይ መሳብ ንጣቱን ይመልሰዋል።

አቧራውም ካሜራን በመጉዳት ከአሸዋ አይተናነስም። መኪና በሚያልፍበት ጠጠር መንገድ ዳር ሌንስ አይቀየርም።

ማለዳው ላመለጠው ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን አለለት። ፀሐይ ከዓባይ ማዶ በጎጃም በኩል ስለምትጠልቅ ብዙው ሰው ፊቱን ወደዚያው አዙሮ ያነሳል፤ ሸንተረሩም ጥቁር ግድግዳ ይሆንበታል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዞር ቢል ብርሃኑ ከጎን ይመጣለታል፣ እያንዳንዱ ሸንተረር የራሱን ጥላ ይጥላል፣ የገደሉ ጥልቀትም ፎቶው ላይ ይታያል።